ሕመም የጠፋበት እግር

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ የደባርቅን መንገድ የያዘ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ ወለቃን ያገኛል። ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች፣ ቀድሞ የቤተ እስራኤል ወገኖች መንደር የነበረች ናት። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ እጅ ሥራዋ ሳይሆን ስለ እግር ነው፤ ይኸውም አላመመም ተብሎ ስለሚናቀው እግር።

ከጎንደር አካባቢ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖች፣ ምግባቸውና ኑሯቸው በተለወጠ ጊዜ የስኳር በሽታ በመካከላቸው መብዛቱን የዚያ አገር ሐኪሞች መዝግበዋል። ይህን የሰማ ሰው «ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው» ብሎ እንዳይደመድም እንለምነዋለን። የጎንደር ሐኪሞች የተሳተፉበት በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በገጠር ካሉት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከሲታና ድኾች መሆናቸውን ገልጿል።

ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ ነርቭን ይጎዳል። ጉዳቱ ከረዣዥሞቹ ነርቮች ጫፍ፣ ማለትም ከእግር ጣቶች ይጀምራል። በመጀመሪያ እግር ሌሊት ሌሊት ያቃጥላል፣ ይወርረዋል፤ ኋላ ይደነዝዝና ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ይላል። በእኛ አስተያየት ከበሽታው ሁሉ ክፉው ይህ «ተሻለኝ» ነው። ነርቭ የሚያዘው ስሜትን ብቻ አይደለምና፣ በውስጥ እግር ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎችም ይከሳሉ። ጣቶችን ቀጥ አድርገው ይይዙ የነበሩት እነርሱ ስለሆኑ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ይቆለመማሉ፤ የጣቶቹም ሥር አጥንት ወደ ታች ገፍቶ የሰውነት ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። በዚያ ቦታ ቆዳው እየወፈረ ይደርቅና ከሥሩ ይቆስላል። ባለቤቱ አይሰማውም። በኮንጎ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢሄድበት፣ ሸክላ በሚተኰስበት ፍም አጠገብ ወይም በደጋው ብርድ ምድጃ ዳር እግሩ ቢቃጠል አያውቀውም። ቁስሉ አመርቅዞ አጥንት ሲደርስ እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ይህ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። የሥጋ ደዌም ቢሆን ጣትን የሚያሳጣው ነርቭን አደንዝዞ ነው። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማ ሲሠራ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የከሳ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም፤ ስኳርን መቆጣጠር ግን ጉዳቱ እንዳይብስ ያግዛል። ምርመራውም ገንዘብ አይጠይቅም። ሕመምተኛው ዐይኑን ይጨፍናል፤ ሌላ ሰው የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ ሳይጫን ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ይነካል። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት እግሩ አደጋ ላይ ነው።

ጎንደር የጤና ባለሙያ ለገጠር የሚያሠለጥን ኮሌጅ የተቋቋመባት ከተማ ናት፤ ያም በ1947 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው የስኳር ሕመምተኛ ጫማውን ሳያወልቅ መድኃኒቱን ብቻ ተቀብሎ የሚመለስ ከሆነ፣ ሕክምናው ግማሽ ሕክምና ነው እንላለን።

የቀረው የቤት ሥራ ነው። ማታ የአባትን እግር ማጠብ የቆየ ወግ ነበር፤ አሁን እየቀረ ነው፤ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከልም የሚያፍርበት አይጠፋም። ለስኳር ሕመምተኛ ግን ከብዙ ምክር ይበልጣል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱንም የሚለካው የአጣቢው ክንድ እንጂ የታጣቢው እግር አይሁን። በጣቶቹ መካከል በደንብ ይድረቅ። ከዚያ መብራት አቅርቦ ውስጥ እግሩን ማየት ነው፤ የቀላ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከተገኘ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መድረስ ነው። «ሳያመኝ ለምን እሄዳለሁ?» የሚል አባት ቢኖር፣ የሚሄደው ስላላመመው እንደ ሆነ ልጁ ይንገረው።