የተጸለየበት ሥዕል

የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በተነሣ ቍጥር የደብረ ታቦር ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጋፋትን ነው፤ በዚያ ተሠርቶ፣ ገደሉ እየተናደና መንገዱ እየተጠረገ እስከ መቅደላ የተጎተተው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ዛሬም ከአምባው ላይ አለና። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ የገባው የእንግሊዝ ጦር ያን መድፍ ትቶት ሲሄድ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ግን ከንጉሡ እልፍኝ በገበታ ላይ የተሣለ አንድ ሥዕል ወሰደ፤ እርሱም አክሊለ ሦክ የደፋው የጌታችን ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱ ነው።

አሣሣሉን የመረመሩ ሊቃውንት የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ መሆኑን ይመሰክራሉ። ሆኖም የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ በ1736 ዓ.ም. በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የስናር ሠራዊት ቢማርክባቸውም በብዙ ዋጋ ተቤዥተው መልሰውታል። ጥንታዊ ሥዕል ልብን የሚስበው በዕድሜው ብዛት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ትውልድ ተከትሎ ትውልድ የጸለየበት ስለሆነ ነው እላለሁ።

ይህን ለመረዳት ከፋርጣና ከጋይንት አድባራት ወደ አንዱ ገብቶ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሸራ ፊት መቆም ይበቃል። መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው በሩን ይጠብቃሉ፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ዐመፀኞች በአንድ ዓይን በጎን ተሥለዋል፤ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ላይኛው ክፍል በዕጣንና በጧፍ ጢስ ጠቁሯል፤ ምእመናን ሲሳለሙት የኖሩት የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ቀለሙ አልቆ ድርና ማጉ ይታያል።

ዛሬ ግን ቤተ ክርስቲያን በታደሰ ጊዜ ይህ ሸራ እየተላጠ፣ በምትኩ ከከተማ ተጠቅልሎ የመጣ በማሽን የታተመ ሥዕል ሲሰቀል ማየት እጅግ ያሳዝናል። ምእመኑ ይህን የሚያደርገው ለደብሩ ከመቅናቱ የተነሣ በመሆኑ አልወቅሰውም፤ የሚያስረዳው አላገኘም። ኵርዓተ ርእሱ በፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ሳለ ይመለስልን ብለን መጮኻችን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቤታችን ያለውን በገዛ እጃችን እየላጥን የምናሰማውን ጩኸት ማን ይሰማናል? ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ጣሪያ ሲያሳድሱ፣ የሀገረ ስብከቱ ሊቃውንትና የቅርስ ባለሙያዎች ሳያዩት አሮጌውን ሥዕል እንዳያስነኩ እለምናለሁ፤ አስቀድሞ የተላጠም ካለ ከእርጥበትና ከምስጥ ተጠብቆ በዕቃ ቤት ይቀመጥ እንጂ አይጣል።