ራዳር ዲቴክተር ልግዛ ወይ? የሐኪም መልሴ፦ አይግዙ!



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ጉንፋንም ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ጠያቂው በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖሩ አባት ናቸው። "ዶክተር፣ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ኡበር እሠራለሁ። የፍጥነት ቅጣት አማሮኛል። የፖሊስን ራዳር ቀድሞ የሚናገረውን ዲቴክተር ልገዛ ነው። ጨረሩ ልጆቹን ይጎዳ ይሆን?" ይላሉ።

አጭሩ መልስ፦ ጨረሩ አያሰጋም። ዕቃው እንደ ሬዲዮ ተቀባይ ነው፤ የፖሊስ ራዳር የሚልከውን ሞገድ ይሰማል እንጂ ልጅ የሚጎዳ ጨረር አይረጭም። ረጅሙ መልስ ግን "አይግዙት" ነው። ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት ምክንያቴን በይፋ ልጻፈው።

እኛ ሐኪሞች አንድ መድኃኒት ከማዘዛችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ይሠራል ወይ? ጉዳቱ ምንድን ነው? የተሻለ አማራጭ አለ ወይ? ይህንንም ዕቃ በዚሁ ሚዛን እንመዝነው።

1. ይሠራል ወይ?

እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቦታ ይሠራል። ረጅምና ገላጣ አውራ ጎዳና ላይ፣ ራዳሩን ያለማቋረጥ ከፍቶ የሚጠብቅ ፖሊስ ካለ፣ ጥሩ ዲቴክተር ከሩቅ ይሰማዋል። የእናንተ የዕለት ተዕለት መንገድ ግን ከተማ ውስጥ ነው። የፖሊስ ራዳር ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ 24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። የአንዳንድ ሱፐርማርኬቶች አውቶማቲክ በርና የአንዳንድ መኪኖች የጎን መጠቆሚያ ሴንሰርም በዚሁ አካባቢ ይሠራሉ። ስለዚህ ዕቃው ለበሩም ይጮሃል፣ ለጎረቤት መኪናም ይጮሃል። ማንቂያ መሣሪያ በየደቂቃው በሚጮህበት የሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ጆሮ ይለምደዋል፣ እውነተኛው ጩኸት ሲመጣም የሚሰማው የለም።

ፖሊሱ በሌዘር የሚለካ ከሆነ ደግሞ ጨረሩ ቀጭን ነው፤ በቀጥታ የሚያርፈው በእናንተው መኪና ላይ ነው። ዲቴክተሩ ሲጮህ ፍጥነታችሁ ተለክቶ አልቋል። አስፋልት ሥር በተቀበረ ሴንሰር የሚሠራ ካሜራ፣ ወይም በሁለት ቦታዎች መካከል አማካይ ፍጥነት የሚያሰላ ካሜራ የራዳር ሞገድ ስለማይልክ ዲቴክተሩ የሚሰማው ነገር የለም።

ሕጉም አለ። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ዲቴክተርን በማንኛውም መኪና ውስጥ ይከለክላሉ። ከባድ የንግድ ተሽከርካሪ የምትነዱ ወንድሞቻችን ደግሞ በየትኛውም ግዛት ብትሆኑ በፌዴራል ሕግ ተከልክላችኋል። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ያላችሁም እንዲሁ። ከቅጣት አድነኝ ብሎ የገዙት ዕቃ ራሱ ያስቀጣል ማለት ነው!

2. ጉዳቱ ምንድን ነው?

ዲቴክተር የሚሸጥላችሁ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሳይያዙ በፍጥነት መንዳት። በተፈቀደው ፍጥነት የሚነዳ ሰው ምን ያደርግለታል? ስለዚህ መመዘን ያለበት ፍጥነቱ ነው።

በሰዓት 30 ማይል (48 ኪሎ ሜትር) የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ፣ ከ9 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ እንደ መውደቅ ነው። በ40 ማይል (64 ኪሎ ሜትር) ሲሆን ከፍታው 16 ሜትር፣ አምስት ፎቅ ይደርሳል። "አሥር ማይል ብቻ ነው የጨመርኩት" የምትሉት ሁለት ፎቅ ነው። የደህንነት ቀበቶ ደረታችሁን ይይዛል፤ አንጎልን፣ ጉበትንና ጣፊያን የሚይዝ ቀበቶ ግን የለም። አካል ሲቆም እነሱ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ውስጥ ለውስጥ ደም የሚፈሰው ከዚያ ነው።

እግረኛውስ? ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በመኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ23 ማይል 10 በመቶ፣ በ32 ማይል 25 በመቶ፣ በ42 ማይል ደግሞ 50 በመቶ ነው። ልጅ ሲሆን ይብሳል። አዋቂን እግሩ ላይ የሚመታ መኪና ሕፃኑን ደረቱና ጭንቅላቱ ላይ ነው የሚያገኘው። ትንንሽ ልጆች የሚመጣን መኪና ፍጥነት መገመትም አይችሉም፤ ግምቱ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ልጆቻችንን ከኩፍኝና ከፖሊዮ በክትባት እንጠብቃለን፤ ቀዳሚውን ገዳይ ግን "እንዳልያዝ" እያልን በእጃችን እንነዳዋለን።

"ፖሊስ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው የሚቆመው" የሚሉኝ አሉ። አንዳንድ ካሜራ የቆመበት ቦታ ያጠያይቃል፤ አልክድም። ያላመናችሁበትን ቅጣት ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ተከራከሩ፣ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ካሜራው ያለ ቦታው ቢቆም የልጅ የራስ ቅል አይጠነክርም።

"ዲቴክተር ንቁ ያደርገኛል" የሚሉም አሉ። ንቁ የሚያደርገው ለፖሊስ ነው፤ ኳስ ተከትሎ መንገድ ለሚገባ ሕፃን አይጮህም። በ40 ማይል እየነዳችሁ ዓይናችሁን ለአንድ ሰከንድ ወደ ስክሪኑ ካዞራችሁ 18 ሜትር ሳታዩ ሄዳችኋል።

አገር ቤት ያላችሁም ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም አትበሉ። ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራት ብልጭ አድርጎ "ትራፊክ አለ" ሲላችሁ ያው ዲቴክተር ነው፣ ያውም በነፃ። ፍጥነት ቀንሳችሁ ታልፋላችሁ፣ ትራፊኩ ከኋላ ሲቀር ትረግጡታላችሁ። ይሉኝታ የምንለው ነገር የት ገባ?

3. የተሻለ አማራጭ አለ ወይ?

አለ፣ ያውም ርካሽ።
- የስልካችሁ ካርታ የመንገዱን የፍጥነት ወሰን ያሳያል፤ ስታልፉ እንዲያስጠነቅቃችሁም ማድረግ ይቻላል። ይህ በሕግ የተፈቀደ "ዲቴክተር" ነው፤ የሚቆጣጠረውም እናንተን እንጂ ፖሊስን አይደለም።
- መኪናችሁ የፍጥነት መገደቢያ ካለው ተጠቀሙበት።
- አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ። 12 ማይል መንገድ በ30 ማይል 24 ደቂቃ፣ በ40 ማይል 18 ደቂቃ ይፈጃል። ትርፉ ስድስት ደቂቃ ነው፤ እሱንም ቀይ መብራት ይበላዋል።
- ጥሩ ዲቴክተር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። በዚያ ገንዘብ ለልጁ ዕድሜና ክብደት የሚሆን የመኪና ወንበር ግዙ፣ ያለቀ ጎማ ቀይሩ።
- ልጆቻችሁን በሰርቪስ የምትልኩ ወላጆች ሹፌሩን ስለ ፍጥነቱ ጠይቁት። ልጆቹንም ጠይቋቸው፤ እነሱ አይደብቁም።

በኑሮ ግፊት ሌሊትና ቀን መሪ ይዛችሁ የምትውሉ ወገኖች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቅጣቱ የቤት ኪራይ እንደሚያጎድልም እረዳለሁ። ነገር ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ ወይም ከወሰኑ 20 ማይል አሳልፎ መንዳት እስራት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ያኔ የሚጎድለው ኪራዩ ብቻ አይሆንም።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ጤፍ ሲፈስ ይለቀማል። የፈሰሰ ደም ግን እኛ ሐኪሞችም መልሰን አንለቅመውም።

ሹፌር ለሆነ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ያልተስማማችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ቸር እንሰንብት!