የሳምንት ልግስና

ጎንደር ላይ አንድ ወጣት ከባጃጅ ወድቆ ወይም በዱላ ተመትቶ ጭንቅላቱ ሲጎዳ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል። ቱቦ የተሰካበት ፊቱ ይቀረጻል፤ ከሥሩ የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቴሌብር ስልክ ይለጠፋል፤ ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ስርጭት «ወንድማችንን እንታደግ» ይባላል። ዋሽንግተን ያለው የአገር ልጅ ጎፈንድሚ ይከፍታል። ገንዘቡ ሲሞላ ታማሚው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ ይሸኛል፣ ምስጋና ይለጠፋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ።

መስጠቱ ባልከፋ። የጭንቅላት ጉዳትን ግን እንደ ትርፍ አንጀት ቆርጠው የሚገላገሉት አድርጎ የሚያየው አሰባሰብ ራሱን ተጎጂውን ይበድላል። ቀዶ ሐኪሙ የፈሰሰውን ደም አውጥቶ ነፍስ ሲያተርፍ ረጅሙ ሥራ ገና ይጀምራል። የተኮማተረ እጅ በየቀኑ መፍታታት አለበት። ጀርባው እንዳይቆስል ሌሊትም መገላበጥ አለበት። ትን ሳይለው መዋጥን፣ ቃል ማውጣትን እንደገና ይማራል፤ የሚጥል በሽታ ከተከተለ መድኃኒቱ እንዲቋረጥ አይፈቀድም። ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ደግሞ ጠባዩ ነው፤ ጨዋ የነበረው ይሳደባል፣ ምሳ መብላቱን ረስቶ «አስራባችሁኝ» ይላል። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፣ ከዚያ ያዘግማል፣ ግን ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። የተሰበሰበው ብር የሚያልቀው ማዝገም ሲጀምር ነው።

ሰባት ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነው ሚካኤል ሹማከር በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ በበረዶ ሸርተቴ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ። ያ ሁሉ ሀብት እያለው ከዓመታት በኋላም ከሰው እይታ ርቆ በቤቱ ይታገዛል። የደባርቅ ገበሬ ልጅ በአንድ ዙር መዋጮ ተነሥቶ እንዲሄድ የምንጠብቀው በምን ሒሳብ ነው?

«ውጭ ይሂድ» የሚለው አንዳንዴ እውነት አለው፤ እዚህ የማይሠራ ቀዶ ሕክምና አለ። ተሐድሶ ግን በሦስት ሳምንት ሆቴል አያልቅም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃል። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ተባብሮም በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል፤ ማንኪያ መያዝን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ ወደ ሥራ መመለስን የሚያለማምድ ሙያ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ ዋጋ እዚሁ ስንት ወር ባለሙያ እንደሚያቆም አስልቶ የሚለጥፍ አስተባባሪ አላጋጠመኝም።

ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ለመጣ ደግሞ ከባለሙያው ክፍያ በፊት የከተማ ቤት ኪራይ ይቀድማል። ከዚያ አስታማሚዋ አለች፤ እናት ወይም ትምህርቷን ያቋረጠች እህት። የእሷ ቀለብ በየትኛው ልጥፍ ላይ ተጽፎ ያውቃል?

ሕጉም ከእኛ የራቀ አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን ያስገደደው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት ካሳ እስከ 40,000 ብር ነበር የወሰነው። ሊማሊሞ ላይ መኪና የተገለበጠበት ሰው የዓመታት ወጪ እንዳለበት ያኔም ያሰበ አልነበረም።

ስለ ቪዲዮው ዝም ማለት አልችልም። ራሱን የሳተ ሰው «ቅረጹኝ» አላለም። ነገ ነቅቶ አዘዞ ወይም ፒያሳ ሲዘዋወር የሚያገኘው ሁሉ በዚያ መልኩ ያውቀዋል፤ ሥራ ሊቀጥረው የሚያስብም እንዲሁ። የሐኪም ማስረጃና የሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ያለው ሒሳብ ለሰጪው ከተላጨ ጭንቅላት ፎቶ የበለጠ ዋስትና ነው። ያ ሒሳብ በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን ቢያሳይ፣ ታማሚው ቢሞት ወይም ቢሻለው ቀሪው ለማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ቢጻፍ፣ ሐሜቱም ይቀንሳል።

አስተባባሪዎች «ሕዝቡ በየወሩ አይሰጥም፤ ሲያዝን ነው የሚሰጠው» ይላሉ። የደጋው ሰው በሽተኛ ሲያወርድ አይተው ቢሆን እንዲህ አይሉም። ቃሬዛውን አራት ሰው ተሸክሞ መኪና መንገድ አያደርስም፤ ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ፣ ትከሻ ሲዝል ይቀበላሉ። ከተማውም ቢሆን በየወሩ የእድር መዋጮ ይከፍላል፣ ለዓመታት፣ ሳያዝንም ጭምር። ያ ገንዘብ በአብዛኛው የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ተርፎ አልጋ ላይ ለቀረ አባል በየወሩ ይህን ያህል ይከፈል የሚል አንቀጽ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ለመጨመር የሚያስፈልገው የአንድ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ነው።