ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ጥገና አይደለም

ይድረስ ከፀዳ እስከ አዘዞ፣ ከአዘዞም እስከ ጎንደር ከተማ ድረስ ባሉ ጋራዦች ለሚሠሩ የተከበሩ የሞተር ጥገና ባለሙያዎች

በእነዚህ ጋራዦች የሚሠሩ ባለሙያዎች ለአካባቢው የዋሉት ውለታ አይካድም፤ መለዋወጫ በጠፋበት፣ ቢገኝም ዋጋው በማይቀመስበት፣ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ዘመን አምራቾቻቸው እንኳ የተዉአቸውን ሞተሮች እያስነሡ ገበሬውን ከገበያ፣ ሕመምተኛውን ከሐኪም ያገናኙት እነርሱ ናቸው። ምስጋናው እውነት ቢሆንም እዚህ ላይ ይበቃል፤ ደብዳቤው የተጻፈው አንድ ሥር የሰደደ ልማድ ለመቃወም ነውና። ልማዱም የሙቀት ጌጅ ከፍ ባለ ቁጥር ምንም ምርመራ ሳይደረግ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ማውጣት፣ ቤቱን ባዶውን መልሶ መግጠምና መኪናውን «ተስተካክሏል» ብሎ ማስረከብ ነው።

ደብዳቤውን ያስጻፈውን ጉዳይ የሚመለከታቸው ሰዎች ያውቁታል። ለረጅም ጊዜ ከአንድ ጋራዥ ያልተለየ፣ ወዳጆቹ ወደ ሌላ እንዲሄድ ሲመክሩት እንኳ እሺ ያላለ የሚኒባስ ባለቤት፣ መኪናው ዳገት ላይ ሙቀት መጨመር በመጀመሩ ወደዚያው ጋራዥ አስገባው፤ በዚያው ዕለት ተረከበ፤ ጌጁም ከዚያ በኋላ ከታች አልነሣ በማለቱ አመስግኖ ወጣ። ሚኒባሱ ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወስደውን ረጅም ዳገት ሲያያዘው ግን ሞተሩ ፈላ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ቴስታታውም ተጣመመ። ሞተሩን የፈታው ሌላ ባለሙያ የቴርሞስታቱን ቤት ሲከፍት ባዶ ሆኖ አገኘው። የወጣው ቴርሞስታት ከመጀመሪያው ጋራዥ የብሎን ጣሳ ውስጥ ተገኝቶ ሲፈተሽ በትክክል የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ምንም እንከን የሌለበት ነበር፤ ብልሽቱ የነበረው ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ ባቆመው የራዲያተር ክዳን ላይ ነው። አንድ ክዳን በመቀየር የሚያልቅ ሥራ ሞተር እስከ ማስወረድ ደረሰ።

ቴርሞስታት የማቀዝቀዣ ውሃን ጉዞ የሚቆጣጠር በር ነው። መካከሉ ላይ በትንሽ የናስ ኩባያ የታሸገ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ ቀልጦ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ሞላውን አሸንፎ በሩን ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ሰርጂየስ ቬርኔት የተባለው ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለመኪና ያበቃው ይህ አሠራር ኤሌክትሪክም ሆነ አዛዥ ሳያሻው የውሃውን ሙቀት ብቻ እየተከተለ ይሠራል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ በሩ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መከፈት ይጀምርና 95 ዲግሪ ሲደርስ 8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይነሣል።

ሆኖም በአካባቢው ጋራዦች ዘወትር የሚዘነጋው፣ የዚህ ደብዳቤም ዋና ነጥብ የሆነው፣ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በሮች ያሉት መሆኑ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበት አጭር የማለፊያ መስመር አለ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ዋናው በር የራዲያተሩን መንገድ በሚከፍትበት ቅጽበት ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ሳሕን ይህን አጭር መስመር ይዘጋና ውሃው ሁሉ በራዲያተሩ በኩል እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አጭሩን መስመር የሚዘጋው የለም፤ ውሃም እንደ ጠባዩ የቀለለውን መንገድ ስለሚመርጥ፣ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ፣ ሙቀቱን እንደያዘ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ፣ ጭነት በቀለለ ጊዜ፣ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው ውሃ ይበቃል፤ እንዲያውም ከሚፈለገው በላይ ስለሚያቀዘቅዝ ጌጁ ይወርዳል፣ ባለሙያውም ባለቤቱም ተሳካ ይላሉ። ዳገት ላይ፣ ጭነት በከበደና ፍጥነት በቀነሰ ጊዜ ግን በአጭሩ መስመር የሚያመልጠው ውሃ ሞተሩን ለእሳት ይዳርገዋል። ቶዮታ ለጥገና ባለሙያዎች የሚያዘጋጃቸው መመሪያዎች ሞተሩ የመሞቅ ዝንባሌ ቢያሳይ እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ፣ መውጣቱ የማቀዝቀዝ አቅምን እንደሚቀንስ በግልጽ የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። ለሙቀት መፍትሔ ተብሎ የሚጣለው ዕቃ ሙቀትን ለመከላከል የተቀመጠው ዕቃ ራሱ ነው፤ ይህን ባለሙያ ለሆነ ሰው መጻፍ ያሳዝናል፤ ግን አልታወቀም ወይም ታውቆ ችላ ተብሏል።

ልማዱን ለመከላከል የሚቀርበው ክርክር «ቴርሞስታት ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚል ነው። ክርክሩ ለየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል የማይሠራ ቢሆንም ከጎንደር ደጋ ሰው አፍ ሲወጣ ደግሞ የባሰ ያስገርማል። 700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ካላት ከሞቃታማዋ መተማ የተነሣ መኪና በአንድ ቀን ጉዞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደባርቅ ይገባል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በጠረቡት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ መኪና ነዳጅ ሳይረግጥ በማርሽ ኃይል ብቻ ለረጅም ሰዓት ሲንደረደር ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ያንኑ መንገድ ሲወጣ ደግሞ ይግላል። ቴርሞስታት ያስፈለገው ይህን የመሰለ ልዩነት ውስጥ ሞተሩን በአንድ ሙቀት ለማቆየት ነው። ምጣድ ሳይሰማ የተጋገረ እንጀራ ዓይን እንደማያወጣ ሁሉ፣ ሞተርም ወደ ሥራ ሙቀቱ ሳይደርስ ነዳጁ በሚገባ አይተንም፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ከቃጠሎ የሚወጣው እንፋሎትም ወደ ውሃ ተለውጦ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ዘይቱን ወደ ጭቃ ይቀይረዋል። በኮምፒውተር የሚመሩት ሞተሮች ደግሞ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ሲያነቡ ነዳጅ ይጨምራሉ፤ በስካነር ሲታዩም ፒ 0128 የሚል ኮድ ያወጣሉ፤ ይህም የውሃው ሙቀት ቴርሞስታቱ ሊያደርሰው ከሚገባው በታች ነው ማለት ነው። ነዳጅ በሰልፍ፣ ሲብስም በጀሪካን በሚገዛበት ዘመን ባለቤቱ ሳያውቅ ነዳጁን እንዲያቃጥል ማድረግ ቀላል በደል አይደለም።

ምርመራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ቅሬታው ባልበረታ ነበር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሣ የራዲያተሩን ቱቦ በእጅ መዳሰስ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ጌጁ መካከል እስኪደርስ ቱቦው ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ከሞቀ በሩ ይሠራል፤ ገና ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ አብሮ ከሞቀ በሩ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም የለም፤ ጌጁ ወደ ላይ እየወጣ ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ተዘግቶ ቀርቷል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ የላይኛውን ቱቦ መዳሰስ ነው፤ ቴርሞስታቱ ውሃ ወደ ሞተር በሚገባበት በኩል በተገጠመባቸው ሞተሮች ላይ የላይኛው ቱቦ ቀድሞ ቢሞቅ ምንም አያሳይም፤ መዳሰስ ያለበት የታችኛው ነው።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ቴርሞስታቱን በብረት ድስት ውሃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሎ በቴርሞሜትር እየለኩ ማፍላት ነው፤ ይህ ፈተና በጎንደር አካባቢ ሲደረግ የሚያሳስት ነገር አለው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ነው፤ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከ91 ዲግሪም ሳያልፍ። እንግዲህ በ95 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት የተሠራ ቴርሞስታት በፈላ ውሃ ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፈት ጤነኛ ነው፤ ብዙ ደህና ዕቃ «ሰንፏል» ተብሎ የሚጣለው ግን ይህ ባለመታወቁ ነው። ለምግብ በማይውል ድስት ኩላንትና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ ቢፈተን የመፍያው ነጥብ ከፍ ስለሚል እስከ 95 ዲግሪ ማየት ይቻላል።

የከፍታው ጉዳይ የራዲያተሩን ክዳንም ይመለከታል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ያለው ሞተር በዚያው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ከሰነፈ ግን 93 ላይ መንተክተክ ይጀምራል፣ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር «ሞተሩ ፈላ» ሲባል ከቴርሞስታቱ በፊት መጠርጠር ያለበት ክዳኑ ነው። ከዚህ ጋር፣ በቴርሞስታቱ ከንፈር ላይ ያለችው የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒን የተቀመጠችው ውሃ ሲሞላ የታመቀው አየር እንዲወጣ ነው፤ ፒኗ ወደ ላይ መሆኗ ቀርቶ ወደ ታች ከተገጠመች አየር ይታፈናል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ አዲሱ ቴርሞስታትም ያለ ጥፋቱ ተወቅሶ ይወጣል።

በእርግጥ ጥፋቱ የጋራዦቹ ብቻ አይደለም። ከኩላንት ይልቅ የቧንቧ ውሃ እየሞላ የማቀዝቀዣውን መስመር ዝገት የሚያስበላ ባለቤት፣ የመክፈቻ ሙቀቱ ያልተጻፈበትን ቴርሞስታት በታወቀ ስም ካርቶን የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሠልጣኙ ድስትና ቴርሞሜትር ሳይነካ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ቬንትሌተርን ከሙቀት መቆጣጠሪያው ነጥሎ በቀጥታ ሽቦ ማገናኘትም ቴርሞስታትን ነቅሎ የመጣሉ አስተሳሰብ ልጅ ነው። በሙያው ሁሉ «ችግር ያሳየውን ዕቃ አስወግድ» የሚል ዘዴ «ችግሩን ፈልግ» የሚለውን እየተካው ነው። ሆኖም ነጋዴው ሻጭ ነው፤ ባለቤቱም አያውቅም፤ መኪናውን ያመጣው የሚያውቅ ሰው አለ ብሎ ስላመነ ነው።

ከሁሉም የከፋውም ይህን እምነት ማጉደል ነው። አዲስ ቴርሞስታት በማይገኝበት ጊዜ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ተዘግቶ የቀረውን አውጥቶ ወደ ቤት መድረስ የሚያስገድድበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል፤ ማንም ይህን አይነቅፍም። የሚነቀፈው ለአንድ ቀን ጉዞ የተደረገውን ለዘለቄታው መተው፣ ከዚያም ለባለቤቱ አለመንገር ነው። ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ያ የሚኒባስ ባለቤት ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ያስብበት ነበር፤ አልተነገረውም፤ የታመነው ጋራዥም ዝም በማለቱ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን የዓመታት ደንበኝነቱ አብሮ ተቃጠለ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ማንኛውም ቴርሞስታት ሳይፈተሽ እንዳይወጣ፣ ከወጣም አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ በእጁ እንዲሰጥና በደረሰኙ ላይ «ያለ ቴርሞስታት ተገጥሟል» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። አስቀድመው ባዶ ቤት ተገጥሞላቸው የተለቀቁትን መኪናዎች ደግሞ ጋራዦቹ ያውቋቸዋል፤ የባለቤቶቹም ስልክ በእጃቸው አለ፤ የጥምቀት እንግዳ መንገዱን ሞልቶ እነዚያ ሚኒባሶች ሙሉ ጭነው ዳገቱን ከመያዛቸው በፊት እያንዳንዱን ባለቤት ጠርተው ትክክለኛውን ቴርሞስታት እንዲገጥሙለት ይጠበቃል።