ከገፈርሳ እስከ አቤ ሐይቅ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በአስኮ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ ከቡራዩ በላይ የገፈርሳን ግድብ ያገኛል። ይህ ግድብ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን ጀምሮ ዋና ከተማችንን ሲያጠጣ የኖረ ነው። ከዚያው ወገንና ከወጨጫ ተራራ የሚነሣው ትንሹ አቃቂ ደግሞ የከተማውን ምዕራብ እያቋረጠ ቁልቁል ይወርዳል። ነገር ግን በአስኮ የጣለው ዝናብ መጨረሻው የት ነው ብንባል፣ ብዙዎቻችን «ወንዝ ገባ» ከማለት አናልፍም።

እንደሚታወቀው የእንጦጦ ጋራ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያ ነው። ከጋራው በስተሰሜን በሱሉልታ ሜዳ የወረደው ውሃ በሙገር በኩል ዓባይ ገብቶ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይጓዛል። በስተደቡብ የወረደው ግን በትልቁና በትንሹ አቃቂ አማካይነት አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ወንዝ የተሸከመውን ጉድፍ ለባሕር አያስረክብም፤ ደግም ሆነ ክፉ፣ እዚሁ ለአገሩ ሰው ያከፋፍለዋል።

ከታች ያለው ማን ነው? በትንሹ አቃቂ ዳር በወንዙ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ አለ፤ አትክልቱም ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ አለ። የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለ። የመጠጥ ውሃውን ከአዋሽ የሚቀዳው የአዳማ ሕዝብ አለ። በመጨረሻም ከብቱን ከዚሁ ወንዝ የሚያጠጣው የአፋር አርብቶ አደር አለ። የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫም ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ፣ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል። ሐይቁን ግን ደለልና እምቦጭ እያስጨነቁት ነው።

ቻይናን ካነሣን ዘንድ፣ በዚያው አገር በሺንጂያንግ የሚገኘው የታሪም ወንዝ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ይሆናል። ታሪምም እንደ አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። የላይኛው አገር ውሃውን ለእርሻ እየጠለፈ በመውሰዱ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የታችኛው ክፍል ደረቀ፤ በዳርቻው የነበረውም ደን ጠወለገ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥቱ ውሃ እየለቀቀ ያን ምድር ለማዳን ተገደደ። በታሪም የጐደለው የውሃው ብዛት ነበር፤ በአቃቂ ደግሞ የጐደለው ንጽሕናው ነው። የሁለቱም ምክንያት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ላይኛው ሰው ታችኛውን መርሳቱ ነው።

አዲስ አበባ ለገፈርሳ ታችኛ፣ ለአዋሽ ደግሞ ላይኛ ናት። ከላይ፣ ከክልሏ ውጭ፣ ንጹሕ ውሃ እንዲመጣላት ትሻለች። የምትሰድደው ግን የፋብሪካ፣ የመጸዳጃና የቆሻሻ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ በመጀመሩ ደስ ይለናል። ሆኖም ዳርቻው በሣርና በአበባ ቢያጌጥ፣ ውሃው ካልጠራ የታችኛው ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

ውሃ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ለፋብሪካ ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የቦይ ፕላን የሚፈርመው ወጣት ሹም የሚወስነው ለአንድ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን እስከ አፋር ላለው ወገኑ ጭምር መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። ተማሪውም ካርታውን ሲያጠና የወንዞቹን ስም በቃሉ ከመያዝ አልፎ፣ በሰፈሩ የሚወርደው ቦይ የማንን ማሰሮ እንደሚሞላ ይጠይቅ። «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ያሉት አበው ናቸው፤ ለአዋሽ ጥሩው እንዲገኝ ሥራው መጀመር ያለበት ከላይ፣ ከእነ አስኮ ነው።