ስለ ዛፉ የሚጽፈውም አማናችን ነው



ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ዳገት የወጣ ሁሉ እንጨት ተሸካሚ እናቶችን ያውቃቸዋል። ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭነት አዝለው፣ አጎንብሰው ቁልቁል ይወርዳሉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከመቶ ዓመት በላይ የከተማዋ ማገዶ፣ የእነሱ ደግሞ የዕለት ጉርስ ሆኖ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በየካ ተራራ ላይ ደግሞ የጫካ ፕሮጀክት መጣ። ከእንጦጦ የሚነሳው የቀበና ወንዝ እንደ ድሮው በሰፈሮች መሃል አቋርጦ ወደ አቃቂ ይወርዳል።

ልማትን የሚጠላ የለም፤ እኛም በፓርኩ ተዝናንተናል። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ ስንቶቹ ሌላ ሥራ አገኙ፣ ስንቶቹስ ባዶ እጃቸውን ቀሩ? ለግንባታው ስንት ዛፍ ተቆረጠ? ከተተከለው ችግኝ ምን ያህሉ ጸደቀ? ወንዙን የሚበክለው ማን ነው? ዳገቱን ወጥቶ፣ እናቶቹን አነጋግሮ፣ ሰነዱን አገላብጦ ይህንን የሚነግረን ሰው ጋዜጠኛው ነው። እሱ ከፈራ እኛም አናውቅም።

ሕጉ ከጎኑ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። አንቀጽ 92 አካባቢን የሚመለከት ፕሮግራም ሲነደፍም ሆነ ሲተገበር የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። እነዚህን መብቶች በተግባር የሚያውላቸው ግን በአንቀጽ 29 የሰፈረው የፕሬስ ነፃነት ነው። ያልሰማ ሕዝብ በምን ላይ ሐሳብ ይሰጣል?

በዓለም ላይ ያለውን ሁኔታ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 የፕሬስ ነፃነት ቀንን ሲያከብር አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት በአካባቢ ጉዳይ ላይ የሠሩ 749 ጋዜጠኞችና መገናኛ ብዙኃን ጥቃት ደርሶባቸዋል። 44 ጋዜጠኞች ተገድለዋል፤ ገዳዮቹ የተቀጡት ግን በ5 ጉዳዮች ብቻ ነው።

በእኛ አገር ጋዜጠኛን ዝም የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥሪ ወረቀት፣ እስርና ስደት ነው። አርጋው አሽኔን እናስታውስ። ለኬንያው ኔሽን ሚዲያ ግሩፕ ይዘግብ የነበረና የኢትዮጵያ አካባቢ ጋዜጠኞች ማኅበርን የመራ ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዊኪሊክስ ባወጣው የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት ውስጥ ስሙ ተገኘ። መልእክቱ የሚያወራው በአዲስ ነገር ጋዜጣ አዘጋጆች ላይ ስለታሰበ እርምጃ ነበር። ባለሥልጣናትና ፖሊስ ጠርተው የመረጃ ምንጭህን ተናገር አሉት። በቀናት ውስጥ አገሩን ጥሎ ወጣ። ያሰደደው የደን ወይም የወንዝ ዘገባ አልነበረም። ሆኖም እሱ ሲሰደድ ስለ ደንና ስለ ወንዝ የሚጽፍ ብዕርም አብሮ ተሰደደ። የአካባቢ ጋዜጠኛ ለብቻው የሚጠበቅበት አጥር የለም፤ ሌላው ሲነካ እሱም ይነካል።

ከዚያ ወዲህ መልካም ጊዜም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቹ ሲፒጄ በኢትዮጵያ አንድም የታሰረ ጋዜጠኛ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ፕሬስ ነፃነት ቀን እዚሁ አዲስ አበባ ተከበረ። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች በዚያ ዓመት 110ኛ ያደረጋት አገራችን እ.ኤ.አ. በ2025 ግን 145ኛ ሆናለች። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሚዲያ ሥራው የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይህ እየተጻፈ ጋዜጠኞች በጊዜ ቀጠሮ ሲመላለሱ አይተናል።

እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ይህንን ታሪክ ከሩቅ የሰማነው አይደለም። የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታሰረ፤ በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሶ በ2007 ዓ.ም. ተፈረደበት። ባልደረባው ሰለሞን ከበደም በጥር 2005 ዓ.ም. ታሰረ። ያኔ ታላላቆቻችን «ድምፃችን ይሰማ» ሲሉ ሌሎችም አብረው እንዲናገሩላቸው ይመኙ ነበር። ዛሬ ስለ ወንዝ የጻፈ፣ ስለ ፈረሰ ሰፈር የዘገበ ጋዜጠኛ ሲታሰር ዝም ብንል ያንን ቀን ረስተናል ማለት ነው። የታሰረው ስሙ ምንም ይሁን፣ ሶላት ይስገድ አይስገድ፣ በደል በደል ነው።

«ጋዜጠኛ እኮ ይዋሻል» የሚሉን አሉ። አዎ፣ የሚዋሽ አለ። ሱረቱል ሁጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል፤ ወሬ አምጪውን ሁሉ አፉን እንድንዘጋ አላዘዘንም። በሱረቱል በቀራህ ደግሞ ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት መሆኑን ተምረናል። ለማጣራት የሚነገር ነገር መኖር አለበት። የሚናገረው ሁሉ ከተፈራ የሚቀረን ማጣራት ሳይሆን ሐሜት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሕግ ተማሪዎቻችን ማመልከቻውን ይጻፉ፤ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ስለ ቀበና ውሃ ያጠኑትን ለመጽሔትና ለጋዜጣ ያካፍሉ። ለጋዜጠኛ መረጃ የሰጠን ሰው ስም በቴሌግራም አንበትን፤ አርጋውን ያሰደደው የታተመ ስም ነው። ጋዜጠኛ ሲታሰር ደግሞ «የማን ወገን ነው?» ከማለታችን በፊት «ፍርድ ቤት ቀረበ ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍም ሰውም ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። በየክረምቱ ችግኝ ይዘን ወደ እንጦጦ የምንወጣው ይህንን አጅር ፈልገን ነው። የተከልነው መጽደቁን፣ የተቆረጠውም በማን መቆረጡን የሚመሰክርልን ሰው ግን ደኅንነቱ ሊጠበቅ ይገባል። አላህ ምስክርነትን ከማይደብቁት ያድርገን።