ኦፍ ከመግሪብ በኋላ ነው

ከሰኔ እስከ መስከረም ዱባይን፣ ሻርጃንና አጅማንን በቀን ያየ ሰው አገሩን አላየውም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የኤምሬቶቹ መንግሥት ራሱ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ድረስ፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ የሚሠራ የጉልበት ሥራ እንዲቆም ያዛል። ሰው ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው፣ ልጅ የሚሮጠው፣ ኳስ የሚመታው ከመሸ ነው።

እኛም የምንጫወተው ከመሸ ነው። ሰሞኑን የያዘን ዲስክ ጎልፍ ነው፤ ሙሉው ሳይሆን መጨረሻው፣ ዲስኩን ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ፉክክር። አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ቅርጫት ምሰሶ አለው፤ በምሰሶው ዙሪያ ሰንሰለት ይንጠለጠላል። ዲስኩ ሰንሰለቱን ሲመታ ጉልበቱ ይሰበርና ከሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። በጨለማ የሚያበሩ ዲስኮች አሉ፤ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ካበራንባቸው ብርሃኑን ይዘው ይቆያሉ። ቅርጫቱ ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ መግባት አለመግባቱን የምንለየው በሰንሰለቱ ድምፅ ነው። ከ10 ሜትር ወዲህ ሲወረወር ተንደርድሮ ወደ ፊት ማለፍ ክልክል ነው፤ ወርውሮ፣ ሚዛን ጠብቆ መቆም ግድ ይላል። ያገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክንደ ብርቱው የጭነት ሠራተኛ በቀጭኗ የጽዳት ሠራተኛ ይሸነፋል፤ ይህን ጨዋታ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ጉልበት እዚህ ብዙ አይረዳም፣ የአባልነት ክፍያም የለም።

አንዷ ጓደኛችን ግን ሁልጊዜ ጨዋታው ሳይጀመር ትነሣለች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ማዳሟ በሳምንት አንድ ቀን ኦፍ ትሰጣታለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ ትላታለች። በሐምሌ እንዲህ ያለ ኦፍ ምኑ ነው ዕረፍት? ገንዘብ ትልካለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ የቀረውን ሰዓት ሞል ውስጥ ተቀምጣ ታሳልፋለች። ሌላው ሰው ሊተነፍስ ሲወጣ እሷ ትገባለች።

የአገሩ የ2022 (እ.ኤ.አ.) የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጣል፤ በየቀኑም ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ ሳይቋረጥ 8 ሰዓት። ቀን ማለት ደግሞ ምሽቱንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ። ዱባይ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በጁሜይራ 2፣ በጁሜይራ 3 እና በኡም ሱቀይም 1 በጠቅላላው 800 ሜትር ባሕር ዳር በመብራትና በነፍስ አድን ሠራተኛ ለሌሊት ዋና የከፈተችው ሰው እዚህ የሚዝናናው በምሽት መሆኑን አውቃ ነው።

«ጨዋታ ለልጅ ነው፣ የመጣነው ለሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። አልቀበላቸውም። ስድስት ቀን በሰው ቤት ስሟ በትእዛዝ ብቻ የሚጠራ ልጅ፣ በሰባተኛው ቀን ጓደኞቿ ስሟን እየጠሩ ሲያጨበጭቡላት መስማት ይገባታል። እህቶቼ፣ ኮንትራት ስትፈርሙ ወይም ስታድሱ የኦፉን ቀን ብቻ ሳይሆን የመመለሻ ሰዓቱንም ተነጋገሩ፤ ቢያንስ በሙቀቱ ወራት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሁን በሉ።